ለዲን ነው ወይስ ለዱንያ? መጀመሪያ ዓይኑን እዩለት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የክረምቱ ኮርስ ሊጀመር ነው። እንደ ሁልጊዜው ብዙዎቻችን ወደየመጣንበት ተመልሰን በየመድረሳችን ልጆች እናስቀራለን። የትኛው ኪታብ እንደሚቀራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ጠመኔና ደብተር ማን እንደሚገዛ በጀመዓው ስብሰባ ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔ ግን አንድ የቀረ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። እሱን ለማስረዳት ስለ ራሴ ትንሽ ላወራ ነውና አፉ በሉኝ።

ያደግሁት አምበር ነው። አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ ስትመላለሱ በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋት አልፋችሁ ይሆናል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እኔም ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር እስከ መግሪብ ደግሞ መድረሳ ስመላለስ ነው ያደግሁት፤ እንደ አብዛኞቻችሁ።

በመድረሳ ፊተኛ ነበርኩ። ቃዒዳውን ከእኩዮቼ ቀድሜ ጨርሼ ጁዝ ዐማን በቃሌ ይዤ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኡስታዛችን «አንተ፣ ተነሥና ቅራ» የሚለው እኔን ነው። በትምህርት ቤት ካርዴ ላይ የሚጻፈው ግን ሌላ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ከ58 ተማሪ 51ኛ ወጣሁ። ያው አንድ ልጅ፣ ያው አንድ ጭንቅላት፣ ጠዋት ደደብ ከሰዓት ጎበዝ።

አባቴ ይህን አይቶ የደረሰበት መደምደሚያ ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚደርሱበት ነው። «ይህ ልጅ ለዲን ነው የተፈጠረው፤ ለዱንያ ትምህርት ጭንቅላት አልተሰጠውም» አለ። በክፋት አይደለም፤ እንዲያውም በኩራት ነው ያለው። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ወደ ወሎ ለቂርኣት ሊልከኝ ከአንድ ዘመዳችን ጋር ተነጋግሮ ነበር።

እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ሰሌዳው አይታየኝም ነበር።

ሙስሐፍ ጭን ላይ ነው፤ ከዓይን ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ሰሌዳ ሩቅ ነው። እኔ ደግሞ ቁመቴ ረጅም ስለነበር ሁልጊዜ የምቀመጠው የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነው። ረጅም ከኋላ፣ አጭር ከፊት፤ የማንም ክፋት የለበትም። መምህሩ የሚናገረውን እሰማለሁ፣ በቃሌም እይዛለሁ። የሚጽፈውን ግን ከጎኔ ካለው ልጅ ደብተር ነበር የምገለብጠው። እሱ የተሳሳተውን እኔም እሳሳታለሁ፤ እሱ የቀረ ቀን እኔ ባዶ ደብተር ይዤ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ከሁሉ የከፋው ፈተና ነው። ማባዣ ስላልነበረ ጥያቄው የሚጻፈው ሰሌዳ ላይ ነው። የመደመርና የማካፈል ምልክት ከሩቅ አንድ ዓይነት ጭረት ይመስለኛል፤ 3 እና 8 መንትያ ናቸው። ያልተጠየቅሁትን ጥያቄ በትክክል ሠርቼ ዜሮ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ ጎን ስመለከት ደግሞ «ኮራጅ» ተብዬ ተገርፌአለሁ። በመምህሩ ቂም አልያዝኩም፤ 58 ልጅ ፊቱ ተደርድሮ የአንዱን ዓይን ይመርምር ለማለት እኔም ይከብደኛል።

«ለምን አይታየኝም አላልክም?» ትሉኝ ይሆናል። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያይ አላውቅማ! ሰሌዳ ማለት ለሁሉም ብዥ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሌሎቹ ጎበዞች ስለሆኑ ይገምቱታል እል ነበር። ቀስ በቀስ የደበዘዘበት ልጅ ምን ብሎ አቤት ይላል?

ቤተሰቦቼ ፈጽሞ አልጠረጠሩም ማለት አይደለም። ሩቅ ስመለከት ዓይኔን አጥብቤ እንደማይ እናቴ አስተውላለች። ግን በእኛ አገር የዓይን በሽታ ሲባል በሰው ልብ የሚመጣው ትራኮማ ነው፤ የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነውና አይፈረድም። አያቴን የማስታውሳት ወደ ውስጥ የሚበቅል ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስታስነቅል ነው። ስለዚህ በሰፈራችን የታመመ ዓይን ማለት የቀላ፣ የሚያለቅስ፣ ዝንብ የሚያርፍበት ዓይን ነው። የእኔ ደግሞ ንጹሕ ነበር። ያም ሆኖ እናቴ ቴትራሳይክሊን ቅባት ቀባችኝ። ዓይን በልቶት ይሆናል ተብሎ ሩቅያ ተቀራብኝ። ሩቅያውን አልቃወምም፤ ሺፋው ከአላህ ነው። ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው፤ ከሰበቦቹ አንዱን ዘለልነው።

በቤታችን የነበረው ብቸኛ መነጽር የአባቴ ነው። ዕድሜው ገፋ ሲል መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ስላቃተው ከገበያ የገዛው። አንድ ቀን «እስቲ ሞክረው» ብሎ አጠለቀልኝ። ጭራሽ በሩ ራሱ ጠፋኝ! አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ «አየሽ፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ መነጽር አይቀበልም» አላት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ዛሬ ሌንስ ምን እንደሆነ ተምሬ ይህን ሳስታውስ እስቃለሁ፣ ትንሽም ያመኛል። የአባቴ ችግር የቅርቡን አለማየት ነው፤ መፍትሔው መሃሉ ወፍራም የሆነው ፕላስ ሌንስ ነው። የእኔ ተቃራኒው ነው። የዓይኔ ኳስ ትንሽ ረዝሞ፣ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል፤ የሚያስፈልገኝ መሃሉ የሳሳው ማይነስ ሌንስ ነበር። የአባቴን መነጽር ለእኔ ማድረግ ለተጠማ ሰው ጨው ማላስ ነው። በኋላ ስመረመር የታዘዘልኝ ማይነስ 3 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1 ሜትርን ለ3 አካፍሉት፣ 33 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከዓይኔ ከ33 ሳንቲ ሜትር ያለፈው ሁሉ ይደበዝዝብኛል ማለት ነው። ሙስሐፉ ከዚያች መስመር ወዲህ፣ ሰሌዳው ወዲያ። ለዲን የተፈጠርኩ፣ ለዱንያ ያልተፈጠርኩ ያሰኘችኝ ድንበር ይህች ናት።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ከረመዳን በኋላ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የከተማችን ልጅ ለእረፍት መጥቶ በመድረሳችን ያስቀራን ጀመር። የሚማረው ሂሳብ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። እንደ ኡስታዛችን በየተራ አጠገቡ እያስቀመጠ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር የሚያስተምረን። የመድረሳው ፊተኛ በአንድ ቀን ጭራ ሆነ። ሦስት ቀን ታዘበኝ። በአራተኛው ደጅ አውጥቶ ከአስፋልቱ ማዶ ያለ ሱቅ አሳየኝና «ከበሩ በላይ ምን ተጽፏል?» አለኝ።

«ጽሑፍ አለ እንዴ?» አልኩት።

ምንም አልመለሰልኝም። ማታ ቤታችን መጥቶ አባቴን «ጋሼ፣ ይህን ልጅ ነገ ማርቆስ ይዤው ልሂድ፤ ይፍቀዱልኝ» ብሎ ለመነው። ተመረመርኩ፣ መነጽሩ ተሠርቶ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ጠበቅን። 450 ብር ነበር። ግማሹን እሱ እንደከፈለ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

መነጽሩን መጀመሪያ ያደረግሁበትን ቀን እንኳ ያን ያህል አላስታውሰውም። የማልረሳው ጨረቃዋን ነው። በልጅነቴ ረመዳን በክረምት ይገባ ነበር። እኛ ልጆች መግሪብ ላይ ሜዳ ወጥተን በደመናው ቀዳዳ ጨረቃ እንፈልጋለን፤ አንዱ «ያቻት!» ሲል ሁሉም «አየኋት፣ አየኋት» ይላል። እኔም እላለሁ። አንድም ጊዜ አላየኋትም። አንድ ዓመት አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በእርግጥ አይተሃል?» ሲሉኝ «ወላሂ» አልኩ። ያ ወላሂ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ አላህ ያውቃል። መነጽሩ ከተገዛ በኋላ፣ ጥቅምት 2008 መጀመሪያ ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ የሙሐረም ጨረቃ ወጣች። ከመስጂድ ስንወጣ በምዕራብ በኩል ቀና አልኩ፤ እንደ ተቆረጠ ጥፍር ቀጥና አለች። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ «ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ብሎ እስኪጠራኝ ድረስ ቆሜ አየኋት።

በዚያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ከክፍሌ 4ኛ ወጣሁ። ወሎ የመሄዱም ነገር ቀረ።

እዚህ ላይ በተሳሳተ እንዳትረዱኝ። ወደ ወሎ መሄድ ኪሳራ ነበር እያልኩ አይደለም። የአገራችን ታላላቅ ዑለሞች ከዚያ ወጥተዋል፤ የዳናን፣ የጌታን ስም ያልሰማ በመካከላችን የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ምርጫው የተደረገበት መንገድ ነው። ለዱንያ ትምህርት አልሆነም ያልነውን ልጅ ለአላህ ኪታብ ስንሰጥ ኪታቡን ያከበርን ይመስለናል። ለእኔ ግን ትራፊ መስጠት ነው። ጎበዙን ለሐኪምነትና ለኢንጅነርነት፣ «ደደቡን» ለደረሳነት የምንመድብ ከሆነ የቱን ነው ያከበርነው? ወሎ የሚሄድ ይሂድ፤ ግን ዓይኑ አይቶ፣ ሁለቱንም ችሎ፣ ልቡ ወደዚያ አዘንብሎ ይሂድ።

የተገላቢጦሹም አለ። በመድረሳችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ በትምህርት ቤት ከፊተኞቹ አንዷ፣ በመድረሳ ግን ባእን ከታእ፣ ታእን ከሣእ መለየት አቅቷት በየቀኑ የምታለቅስ። የእነዚህ ፊደላት አካል አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ነው፤ አንድ ከታች፣ ሁለት ከላይ፣ ሦስት ከላይ። ቅርቡ ለሚደበዝዝበት ዓይን ነጥቡ ይጠፋል። «ልቧ ለቁርኣን ደንድኗል» ተባለች። ለአሥር ዓመት ልጅ! መድረሳውን ትታ ቀረች። ዓይኗን የመረመራት ስለሌለ የዓይን ነበር ብዬ አልምልም (ከጨረቃዋ በኋላ ወላሂ ማለት ቀንሻለሁ)። ግን ልቧን ከመመርመራችን በፊት ዓይኗን ያልመረመርነው ለምንድን ነው?

መነጽሩ ሲመጣ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ትምህርት ቤት ስገባ ወዲያው «አራት ዓይና» የሚል ስም ወጣልኝ። ጎጃም ያደገ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ልጆቹ ለስድብ ያሉት ነገር በቤተ ክህነት አራቱን ጉባኤያት ለጨረሰ ሊቅ የሚሰጥ ትልቅ ማዕረግ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የቅኔ መምህር ልጆቹ ሲጠሩኝ ሰምተው «እኔ ስንት ዘመን ተምሬ ያላገኘሁትን ይህ ልጅ በሳምንት ከማርቆስ ይዞት መጣ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስድቡን ውሃ በላው። እስከ ዛሬ አምበር ስገባ «እንዴት ከረምክ አራት ዓይናው» ነው የሚሉኝ። በመስጂድ ውስጥ ያለውን ጣጣ መነጽር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ግንባርና አፍንጫዬ መሬት በደንብ እንዲነካ አውልቄ ከፊቴ ሳስቀምጠው ከፊት ሰፍ ያለው ሰው ወደ ኋላ ይልና… ሁለት ጊዜ ተረግጦብኛል። አንዱን እጀታ አባቴ በስፌት ክር ጠምጥሞ ነው የጠገነልኝ።

«ለሴት ልጅ መነጽር? ማን ያገባታል?» የሚሉ እናቶችን ሰምቻለሁ። «አንዴ ከተጀመረ ዓይን ይሰንፋል» የሚሉም አሉ፤ የልጅ መነጽር ቁጥር የሚጨምረው ዓይኑ አብሮት ስለሚያድግ ነው እንጂ መነጽር ስላደረገ አይደለም። እህቶቼ አትቀየሙኝ፤ እዚሁ ካምፓስ መነጽሯን ቦርሳ ውስጥ ይዛ ከጓደኛዋ ደብተር የምትገለብጥ አውቃለሁ። ወንዶቹም አይሻሉም። ከኋላ ተቀምጦ ስላይዱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ አቅርቦ የሚያነበውን ወንድም እስቲ ጠይቁት፤ «ለማስታወሻ ነው» ይላችኋል። አይምሰላችሁ፤ ካሜራው ያየለትን ነው የሚያነበው።

የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ይህችን ጋዜጣ አላጣብባትም ነበር። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ከሕዝባችን 3.7 በመቶው የእይታ መቀነስ እንዳለበት አሳይቷል። ከእነዚህ አንድ ሦስተኛ ለሚሆኑት ምክንያቱ በመነጽር የሚስተካከል ችግር ነው። ቀዶ ጥገና አይፈልግም፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይፈልግም፤ ሁለት ቁራጭ ሌንስ ብቻ።

እኛ ደግሞ ስለ ኢብኑል ሀይሠም ማውራት እንወዳለን። በስራ ተወልዶ፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ ኪታቡል መናዚርን ጽፎ፣ ማየት ማለት ብርሃን ከነገሩ ወደ ዓይን መግባቱ እንጂ ዓይን ጨረር ወደ ውጭ መላኩ እንዳልሆነ ያስረዳው እሱ ነው። እውነት ነው፣ እንኮራበት። ግን ፖስተሩ ላይ የማንጽፈው አለ፤ መነጽር ራሱ የተሠራው እሱ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ጣሊያን ውስጥ ነው። ኪታቡን የጻፈው የእኛ ሰው፣ ሌንሱን አፍንጫ ላይ ያስቀመጡት ሌሎች። ስለዚህ በየዓመቱ የእሱን ፖስተር ከምንለጥፍ በአንድ መድረሳ ግድግዳ ላይ የዓይን መመርመሪያ ገበታ ብንለጥፍ ይሻለኛል።

ሱረቱ ዐበሰ በማን ምክንያት እንደወረደች ሁላችንም ቀርተናል። ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ሆኖም ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ነበሩ። ንጋቱን አያዩትም፤ ሰዎች መንጋቱን ሲነግሯቸው አዛን ያደርጋሉ። ሶሓባዎቹ ያንን ጉድለት በአንድ ቃል ሞሉት። የእኛ ልጆች ጉድለት የሚታወቀው ደግሞ በ17.5 ሚሊ ሜትር ፊደል ነው። እንዴት መሰላችሁ?

ማንበብ ለማይችል ልጅም የሚሆን ገበታ አለ። የእንግሊዝኛዋን ኢ ፊደል፣ ባለ ሦስት ጣት መንሽ የምትመስለውን፣ ጣቶቿን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ትሥላላችሁ። ቁመቷም ወርዷም 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የእያንዳንዱ ጣት ውፍረት 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ልጁ በ6 ሜትር ርቀት፣ በቂ ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ሳትመታው ይቁም። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሳይጫን ይሸፍንና ጣቶቿ ወደየት እንደዞሩ በእጁ ያሳያችሁ። ከአምስት ጊዜ አራቱን ካገኘ ወደ ሌላኛው ዓይን እለፉ። ካላገኘ ሆስፒታል መታየት አለበት። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ነው። ይህ ገበታ የሩቁን እንጂ የቅርቡን አይፈትሽም፤ ስለዚህ ሲያነብ ራሱን የሚያመውን፣ ዓይኑን የሚያሸውን፣ ነጥብ የሚጠፋበትን ልጅ ገበታውን ቢያልፍም ላኩት። ቁጥር የሚያዝዘው ባለሙያ ነው። ከገበያ የተገዛ መነጽር ለልጅ አታጥልቁ፤ የአባቴን አስታውሱ። ውጤቱንም ለወላጅ ለብቻው ንገሩ እንጂ በልጆች ፊት አትናገሩ።

«ለትራንስፖርትና ለመነጽሩ ብር ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ከኮሚቴው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ለኮርሱ መዝጊያ ባነር ያሳተምንበትን ገንዘብ አስታውሱ፤ ባነሩ አሁን የጀመዓው ቢሮ ወለል ላይ ተነጥፏል። ቢያንስ ለሦስት ልጆች ይበቃ ነበር።

ሌላው፣ ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር ተገናኙ። ኡስታዜና መምህሬ አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ ስለ እኔ ቢያወሩ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይደርሱበት ነበር፤ አንዱ «ጎበዝ ነው» ሌላው «ሰነፍ ነው» ሲል ግራ ይገባቸው ነበርና። አምበር ትንሽ ከተማ ናት። ሁለቱ በየቀኑ በአንድ መንገድ ይተላለፉ ነበር።

ገበታዋን በልኳ ሠርቼ 40 ኮፒ አባዝቻለሁ፤ ከጁሙዓ በኋላ በጀመዓው ቤተ መጻሕፍት ታገኟታላችሁ። ተጨማሪ የምታባዙ ኮፒ ቤቱ አሳንሶ እንዳያወጣት በማስመሪያ ለኩ። ረጅም ሜትር ከሌላችሁ የሰፈራችሁን ልብስ ሰፊ ጠይቁ፤ የእነሱ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ናት፣ አራት ጊዜ ስትለኩባት 6 ትሞላለች።

ወሰላሙ ዐለይኩም።